ለጎርጎራ ሰባት ቀን ሲቀር

እሑድ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ጸዳለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ምራታቸው ሰርካለም ወለሉ ላይ ተንጋላ፣ ሁለት እግሮቿን ወደ ላይ አንስታ ግድግዳው ላይ አሳርፋ አገኟት። ዓይኖቿን ከድናለች። ራስጌዋ ላይ ጆግ ሙሉ ውሃ አለ። በስልሳ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ አተኛኘት አይተው አያውቁም።

«አመመሽ እንዴ ልጄ?» አሉ፣ ነጠላቸውን ሳያወርዱ።

«አይ እማማ፣ ደህና ነኝ። እያረፍኩ ነው።»

ወይዘሮ ጸዳለ ግን «እያረፍኩ» የምትል ቃል ከዚያች ልጅ አፍ ስትወጣ ሰምተው ስለማያውቁ ግራ ገባቸው። ደግሞስ በዚህ ሰሞን ሽንፋ ውስጥ ማን ያርፋል? የጥቅምት አጋማሽ ነው። ሰሊጡ ቅጠሉን አራግፎ ቢጫ ሆኗል፤ ከሥር ያለው ፍሬ አፉን መክፈት ጀምሯል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጥቂት ቀን ካሳለፉበት ፍሬውን መሬት ላይ ዘርግፎ ባዶ አገዳውን ያስታቅፋል። ቄሱ እንኳ የዕለቱን ስብከት አሳጥረው ነው ሕዝቡን ያሰናበቱት።

ሰርካለም የስፖርት መምህርት ናት። የደንቢያ ልጅ ናት፤ ጣና ዳር ተወልዳ፣ መዋኘትን ከመራመድ እኩል የተማረች። የወይዘሮ ጸዳለን ልጅ ስሜነህን አግብታ ወደ ቆላ ከወረደች ሦስት ዓመቷ ነው። ስሜነህ ትራክተር ነጂ ስለሆነ አዝመራ በደረሰ ቁጥር ወደ አብደራፊ ይሄድና ኅዳር እስኪጋመስ አይመለስም። በዚያ ጊዜ ቤቱ የአማትና የምራት ብቻ ይሆናል።

በሚመጣው እሑድ ጎርጎራ ላይ ትራያትሎን የሚሉት ውድድር አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና፣ ከዚያ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ። ሁሉም በአንድ ቀን ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል እንጂ በመሀል ቁጭ ብሎ ላብ መጥረግ የለም። ሰርካለም ለዚህ ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅ ከርማለች።

ወይዘሮ ጸዳለ መጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም ነበር። ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭና ገንዳ ውሃ ከተማ ትሄዳለች፤ ከዚያ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው አስፋልት ላይ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስትመላለስ ትውላለች። ሰሊጥ የሚጭኑ የከባድ መኪና ነጂዎች ሳይቀሩ ያውቋታል። ጎረቤታቸው አይናዲስ አንድ ቀን ተጠግታ፣ ምራታቸው ጭኗ ላይ የተጣበቀ ሱሪ ለብሳ በአስፋልቱ ስትበር እንዳየቻት በሹክሹክታ ስትነግራቸው፣ ወይዘሮ ጸዳለ ትተዋት ቤታቸው ገቡ። ያፈሩት በምራታቸው ይሁን በአይናዲስ ለራሳቸውም አልለየላቸውም።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ወንዙ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ የሽንፋ ወንዝ ሲጠራ፣ ልጅቱ አመሻሹ ላይ የት እየሄደች እንደምትቆይ ለማየት ኮቴዋን ተከትለው ወረዱ። ወንዙ ዳር ካለ ሾላ ላይ፣ ከትራክተር ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ረጅም ላስቲክ አስራለች፤ ሌላኛውን ጫፍ ወገቧ ላይ ታጥቃ ውሃ ውስጥ ገብታለች። ውሃው የተኛበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ሃያ ጊዜ ያህል እንደቀዘፉ ድንጋይ ያገኛሉ። ስለዚህ ላስቲኩ ወደ ኋላ እየሳባት፣ እሷ ወደ ፊት እየቀዘፈች፣ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል ትዋኛለች። ወይዘሮ ጸዳለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አሁን ታቆማለች፣ አሁን ታቆማለች ሲሉ ፀሐይዋ ከዛፎቹ በታች ወረደች። ልጅቱ አላቆመችም።

ወይዘሮ ጸዳለ ሥራ የሚያውቁ ሰው ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከባላቸው ጋር ከጎጃም ደጋ ወርደው ቁጥቋጦ መንጥረዋል፤ በወባ ስንት ክረምት ተንቀጥቅጠዋል፤ ባላቸውን ቀብረው አራት ሄክታር መሬታቸውን ለብቻቸው እያሳረሱ ልጅ አሳድገዋል። የሚሠራውንና የሚሠራ የሚመስለውን ከሩቅ ይለያሉ። ያን ዕለት ያዩት የሚሠራ ሰው ነው። ፈቀቅ ለማያደርግ ሥራ ግን ያን ያህል ጉልበት ሲፈስ አይተው አያውቁም፤ ቤት ሲመለሱ ባላወቁት ምክንያት ለምራታቸው የተሻለውን ቁራሽ አወጡላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ወንዝ ስትወርድ አብረዋት ይወርዱ ጀመር። ሰው ሲጠይቃቸው «አዞ እንዳይመጣባት እጠብቃታለሁ» ይላሉ።

ታዲያ ይህች እረፍት የማታውቅ ልጅ ሰኞም ተኛች። ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳዋን በላች፤ ቆየት ብላ እንደገና በላች፤ ተኛች። አመሻሽ ላይ ወንዝ ወርደው ላስቲኩን ታጠቀችና እሳቸው ገና አንድ መዝሙረ ዳዊት ደግመው ሳይጨርሱ ወጣች፤ በቃኝ አለች። ወይዘሮ ጸዳለ በመንገድ ላይ ፊቷን ሰረቅ አድርገው አዩት። ሞላ ብሏል። እንቅልፉ፣ የምግቡ ፍላጎት፣ ከባድ ነገር አለማንሳቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲገጣጠምላቸው ልባቸው ደረታቸውን መታቸው። ማክሰኞ ጠዋት፣ እሳቸው የጽጌን ጾም ይዘው እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሱት ሰው፣ ሦስት እንቁላል በቅቤ ጠብሰው አቀረቡላት። እየበላች ሳለ ቆመው አዩዋት፤ ዓይናቸው ደስ ብሎት ነበር።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር ሰርካለም ከውሃው ወጥታ ፀጉሯን ስትጨምቅ፣ ከዚያ በላይ መቻል አቃታቸው።

«ሰርካለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ይጠይቁ እማማ።»

«ነፍሰ ጡር ነሽ?»

የሰርካለም እጅ ፀጉሯ ላይ ቆመ። ሳቋ መጥቶ ነበር፤ የአማቷን ፊት ስታይ ዋጠችው። መጥታ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«አይደለሁም። ከስሜነህ ጋር ተመካክረን ከዚህ ውድድር በኋላ ይሁን ብለን ነው። ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ እንዳያዝኑብኝ ፈራሁ።»

ወይዘሮ ጸዳለ ወንዙን አዩ። አዝነዋል። አንድ ቀን ሙሉ በልባቸው ሲያቅፉት የዋሉትን ልጅ ማስቀመጥ ነበረባቸው፣ ያውም እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ። ታዲያ መተኛቱስ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት።

ሰርካለም አስረዳቻቸው። ዓመቱን ሙሉ የሠራችው ሥራ ሰውነቷን እየሰባበረ ነው ያጠነከረው። የመጨረሻዋ ሳምንት የመጠገኛ ናት፤ አሁን ብትሮጥ፣ ብትነዳ ያላትን ታባክናለች እንጂ አንዲት ነገር አትጨምርም። ሰው ግን ይህን በቃል ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል አለች። እግሯ ሩጪ ሩጪ ይላታል። የሌለ ሕመም ይሰማታል፤ ትናንት ጉልበቷን አሟት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ጉሮሮዋ የከረከራት ይመስላታል። በጨለማ አስፋልት ላይ ብቻዋን ስትነዳ ያልፈራች ልጅ፣ በዚህች ሳምንት ግን ከእንቅልፏ የምትነቃው በፍርሃት ነው።

ወይዘሮ ጸዳለ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«በሬ ነው በይኛ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«የእርሻ በሬ። በኛ አገር ዝናቡ ሊገባ ሲል በሬውን ማንም አይነካውም። ይቀለባል፣ ጥላ ሥር ይታሰራል። እሱ ግን አላስችል ብሎት መሬቱን በኮቴው ይጭረዋል። እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እሑድ ይገባኝ ነበር።»

ሰርካለም ያን ጊዜ ሳቀች። ወይዘሮ ጸዳለ አልሳቁም፤ ግን ፎጣውን አንስተው ጀርባዋን አደረቁላት።

ከረቡዕ ጀምሮ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር በዚያው ቀን ብስክሌቷን ይዘው ገንዳ ውሃ ሄዱ። መናኸሪያው አጠገብ ኸሊፋ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ ጢሙ የሸበተ፣ ሙያውን ገዳሪፍ ተምሮ የመጣ ሰው። የሰርካለምን ብስክሌት የሠራው እሱ ነው። ዋናውን አካል ከሱዳን፣ ጎማዎቹን ከጎንደር፣ መቀመጫውን ከራሱ ሱቅ አሰባስቦ አንድ ያደረገው ነው። ከሩቅ ላየው የተጣፈ ልብስ ይመስላል፤ ሲነዱት ግን ድምፅ የለውም።

ኸሊፋ ሰሌን ዘርግቶ ብስክሌቱን ቁርጥራጭ አድርጎ ፈታው። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በነጭ ጋዝ አጠበ፤ ካቴናውን በጥርስ ብሩሽ አጸዳ። ሻይ ቢያስመጣላቸውም የራሱን ረስቶ ቀዘቀዘበት። የፊተኛውን ጎማ ብረት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሲያዞር አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

ሰርካለም ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ጎማ ጎንደር እንኳ ፈልጎ ማግኘት ሳምንት ይፈጃል። በዚሁ መሄድ ይቻል እንደሆን ጠየቀችው። ኸሊፋ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘጠና ኪሎ ሜትር አላምነውም፣ በቁልቁለት ላይ ቢከፈትብሽ እኔ በምን ፊቴ ሰው አያለሁ አላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና የራሱን ብስክሌት ገፍቶ አወጣ፤ ጠዋት ማታ ከቤቱ ወደ ሱቁ የሚመላለስበትን። የፊት ጎማውን ፈታው።

ወይዘሮ ጸዳለ ተው እንጂ፣ አንተ በምን ትሄዳለህ ሲሉት፣ እግር አለኝ አላቸው። ሥራውን ሲጨርስ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እሳቸው ዞረና ገዳሪፍ በለመደው አረብኛ አክስቴ ብሎ ጀመረ።

«ኻልቲ፣ እኔ አጀላ ስጠግን ሰላሳ ዓመት አልፎኛል። ሰዉ ሁሉ ሲሰበር ነው የሚያመጣልኝ። ይቺ ግን ድምፁ ትንሽ ሲቀየር ሰምታ ትመጣለች። አንድ ቀን ምንም የለውም ብዬ መለስኳት፤ በማግስቱ ስፈታው አንዲት ብሎን ላልታ አገኘሁ። እንደሷ የሚሰማ ሰው አላየሁም።»

ወይዘሮ ጸዳለ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። ለእሳቸው የተነገራቸው ያህል ነበር።

ወደ ሽንፋ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ስሜነህ ከአብደራፊ ደወለ። ጎርጎራ ድረስ አብሯት ሊሄድ ቃል ገብቶ ነበር፤ አሁን ግን ሰሊጡ በየማሳው ተከምሮ ትራክተሮቹ ሌት ተቀን እየሠሩ ስለሆነ የሚፈቅድለት አጥቷል። ሰርካለም አይዞህ፣ ብቻዬን አላቅተኝም ስትለው ወይዘሮ ጸዳለ አጠገቧ ይሰማሉ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እስከ ሽንፋ ድረስ በመስኮቱ ውጭውን ስታይ ሄደች።

ረቡዕ ማታ ነገር ተበላሸ። ሰሊጥ ከሚያጭዱላቸው ስድስት የቀን ሠራተኞች ሦስቱን ወባ ጣላቸው። በስተምዕራብ በኩል ደግሞ ያለ ወራቱ ደመና ብቅ አለ፤ ዝናብና ነፋስ ቢመጣ የደረሰው ሰሊጥ በአንድ ቀን ያልቃል። ወይዘሮ ጸዳለ ይህን ሰምተው ሲያወጡ ሲያወርዱ ነበር የተኙት። ሐሙስ ሲነጋ ሲነሱ የሰርካለም መኝታ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለው ማጭድም የለም።

ማሳው ቅርብ ነው። ሲደርሱ ልጅቱ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። ሲያጭዱ የኖሩትን ሠራተኞች ትታ ወደ ፊት ወጥታለች፤ ከኋላዋ ያሰረችው ነዶ ከአሥር ይበልጣል። ወይዘሮ ጸዳለ አጠገቧ ቆሙ።

«ማጭዱን አምጪ።»

«ትንሽ ብቻ እማማ። ሰሊጡ እየረገፈ እኔ እንዴት ብዬ እተኛለሁ?»

«አምጪ አልኩሽ።»

ሰጠቻቸው። መዳፏን ገልብጠው አዩት፤ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። በዚህ እጅ ነው ከሦስት ቀን በኋላ መሪ ይዛ ከሦስት ሰዓት በላይ የምትነዳው። ወይዘሮ ጸዳለ የተቆጡትን ያህል ልባቸው ተነካ፤ ምክንያቱም ልጅቱ ያደረገችው እሳቸው በዚያ ዕድሜ ቢሆኑ ያደርጉት የነበረውን ነው።

«ስሚ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሊጥ ከዚህ በፊትም ረግፎብኝ ያውቃል። በሚመጣው ዓመት እንደገና እዘራዋለሁ። ያንቺ ግን እሑድ ነው፤ ከእሑድ ሌላ ቀን የለውም። ከዛፍ ታስረሽ ስትቀዝፊ ቁጭ ብዬ ያየሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ባሳጭድሽ ለራሴ ምን እላለሁ? ሂጂ ተኚ። እግርሽንም ግድግዳው ላይ ስቀዪ።»

ሰርካለም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ወደ ቤት ሄደች።

ወይዘሮ ጸዳለ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በዚያው ማጭድ ጀመሩ። ረፋድ ላይ ግን በሦስት ሠራተኛና በአንዲት አሮጊት እንደማይሆን ስለገባቸው ሰው ላኩ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ሰባት መምህራን መጡ፤ ግማሾቹ ማጭድ ይዘው አያውቁም፣ ግን ነዶ ይሸከማሉ። አይናዲስም መጣች። የራሷን ሰሊጥ ትናንት ጨርሳለች፤ ሰላምታ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከዳር ገብታ እስከ ምሽት ቀና አላለችም። ስለ ሱሪው ነገር ማንም አላነሳም። ፀሐይ ስትጠልቅ የላይኛው ማሳ ታጭዶ፣ ነዶው እንዲደርቅ ቀጥ ቀጥ ብሎ ተደጋግፎ፣ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ቆመ። ወደ ወንዙ በኩል ያለው የታችኛው ቁራሽ ብቻ ቀረ።

ያን ምሽት እራት ላይ ወይዘሮ ጸዳለ የነገው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቁ። ሰርካለም ነገሩ ሲገባት፣ የታችኛው ሰሊጥ እንዴት ይሆናል፣ እርስዎ እዚህ ካልሆኑ ሠራተኞቹም አይገኙም ብላ ተከራከረች። እሳቸው ለአይናዲስ አደራ ሰጥቻለሁ፣ ሰው ካገኘች ታሳጭደው፣ ካላገኘች የወፍ ይሁን ብለው ጨረሱት። ከዚያ የገብስ በሶ በማርና በጨው ለውሰው ጭብጦ ሲሠሩ አመሹ። እያንዳንዷን በአንድ ጉርሻ ልክ አድርገው በፌስታል ጠቀለሏት፤ ብስክሌት ላይ ሆና በአንድ እጅ ፈትታ እንድትበላው።

ዓርብ መንገዱ ሰላም መሆኑ ስለተነገረ አውቶቡሱ በጊዜ ተነሳ። ወይዘሮ ጸዳለ ብስክሌቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ካላሰሩት አልገባም አሉ፤ ረዳቱ ቢስቅም እሺ አለ። ጭልጋን ሲወጡ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ጋቢው ጣሪያ ላይ ስለሆነ እሳቸው እየተንቀጠቀጡ ጎንደር ገቡ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጎርጎራ ደረሱ።

ተወዳዳሪዎቹን ያዩት እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ከሌላ አገር የመጡ፣ ክንዳቸውና ባታቸው ላይ ቁጥር የተጻፈላቸው ሰዎች። ብስክሌቶቻቸው በአንድ እጅ የሚነሱ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ናቸው። የሰርካለም ብስክሌት በመካከላቸው ሲቆም አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ የፊትና የኋላ ጎማው ለምን እንደማይመሳሰል ጠየቃት። ክፋት አልነበረውም። ሰርካለም መልሳለት ዞር ስትል ግን ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። ነገ የሚዋኙበትን መስመር ብርቱካን ቀለም ያላቸው ፊኛዎች ያመለክታሉ፤ የሩቁ ነጥብ ያህላል። ወይዘሮ ጸዳለ ይህን ያህል ውሃ በቅርብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሰርካለም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እነዚህ ሰዎች አሠልጣኝ አላቸው፣ እኔ ያለኝ ላስቲክ ነው አለች።

«እኔ ስለ እነሱ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ። «አንቺን ግን አውቃለሁ። አንድም ቀን ሰው እንዲያይሽ ብለሽ ስትሠሪ አላየሁሽም።»

ሰርካለም ውሃውን እያየች ራበኝ አለች፤ ወይዘሮ ጸዳለ ይህን ሲሰሙ ነገሩ እንደተስተካከለ አወቁ። አመሻሹ ላይ አይናዲስ ደውላ ከታችኛው ማሳ ግማሹን እንዳሳጨደች፣ ግማሹ ግን በነፋሱ እንደረገፈ ስትነግራቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ለምራታቸው የነገሯት ስለታጨደው ብቻ ነው።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፊሽካው ተነፋ። ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ቆብ አድርገው በአንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ገቡ። ከዳር ያለው ሰው የራሱን ተወዳዳሪ መለየት አቅቶት ይጨነቃል፤ አጠገባቸው የቆመች ሴት ባሏን በመነጽር ትፈልጋለች። ወይዘሮ ጸዳለ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ሁሉ ክንድ መካከል አንዱ ግራ ክንድ ከውሃው ሲወጣ ክርኑ ከፍ ብሎ፣ ሲገባ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ዓመት ሙሉ ያዩት ክንድ ነው። ያኔ ከሾላው ጋር የታሰረው። አሁን የሚጎትተው የለም፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከፊቱ ያለውን ቆብ አልፎ ይሄዳል። ወይዘሮ ጸዳለ እንባቸው መውረዱን ያወቁት ሴትዮዋ ክንዳቸውን ስትይዛቸው ነው።

ከውሃው ከሴቶቹ ሦስተኛ ሆና ወጣች። በአጠገባቸው ስታልፍ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ ነበር። በብስክሌት መንገዱ በፊታቸው በሦስት ዙር አለፈች። ሦስት ሴቶች በእነዚያ በሚያብረቀርቁት ብስክሌቶች ቀደሟት፤ የኸሊፋ ጎማ ግን ሳይንገጫገጭ ዞረ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከጭብጦው አንዱን ስትጎርስ ስላዩዋት ወይዘሮ ጸዳለ ልባቸው ረጋ።

ሩጫው የተጀመረው ፀሐዩ ከጠና በኋላ ነው። ለደጋ ሰው ከባድ ነበር፤ መንገድ ዳር ቆመው ራሳቸው ላይ ውሃ የሚያፈሱ፣ የሚራመዱ፣ የሚቀመጡ በዙ። ሰርካለም ግን የሽንፋን ሙቀት የለመደች ናት፤ ይህ ለእሷ የጠዋት ፀሐይ ነው። አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። መጀመሪያ አንዷን ደረሰችባት፤ ቆየት ብላ ሌላዋን። ከሰባት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ከሴቶቹ አራተኛ ሆና መጨረሻውን መስመር ረገጠች። ለአራተኛ ሽልማት የለውም። አንገቷ ላይ የጨረሰ ሁሉ የሚያገኘውን ሜዳሊያ አጠለቁላት፤ ጥቂት እንደተራመደች ባቷ ጨምድዶ ያዛትና ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ወይዘሮ ጸዳለ ሰው ጥሰው ደረሱ። እግሯን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያሹላት፣ ጨው እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ነበር። ላሰችው። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ ለስሜነህ «ጨረስኩ» አለችው፤ የቀረውን ወይዘሮ ጸዳለ ጨረሱላት።

ሰኞ ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ በሚወርደው አውቶቡስ ሰርካለም ገና አዘዞን ሳያልፉ የአማቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በወዲያኛው ወንበር የተቀመጠ፣ ለሰሊጥ ግዢ የሚወርድ አንድ ነጋዴ፣ ልጅቱ ክንድ ላይ ያለውን ያልጠፋ ቁጥር አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ወይዘሮ ጸዳለ ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከዋናው ጀምረው ነገሩት። ብስክሌቱን ነገሩት። ሩጫው ላይ ሲደርሱ ሰውየው አቋረጣቸው።

«ሦስቱንም በአንድ ቀን?»

«በግማሽ ቀን» አሉ።

ሰውየው የተኛችውን ልጅ አየ፤ እሳቸውን አየ፤ አሮጊት ማጋነን ትወዳለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም ፈገግ አለ። ወይዘሮ ጸዳለ አልተከራከሩትም። የመስኮቱ ፀሐይ ልጅቱ ፊት ላይ እንዳያርፍ መጋረጃውን ሳቡና፣ ሩጫውን ካቆሙበት ቀጠሉለት።